ድንበር የተሻገረ ሠራተኛ በማን መዝገብ ላይ ይገኛል?

በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከመካከላችሁ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በቀጥታ የመጣ አለ፤ ነገ ገና ሳይነጋ ሥራ የሚገባም አለ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ዓመታቱንና ወራቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ወጥቶ ሲሠራ የወጣበት አገር ግማሹን፣ የገባበት አገርም ሌላውን ግማሽ ብቻ ያያል። ሁለቱን ግማሾች የሚያገጣጥም ሕግ የለም፤ የሚያገጣጥም ሕግ ቢኖር እንኳ ያለ ቋሚ በጀት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሰው ኃይል ጥናት ሕጎች ድንበር ተሻግሮ የሚሠራውን ሰው እንዲያዩ መታደስ አለባቸው፤ ገንዘባቸውም እንደ ደመወዝ በየጊዜው ሳያሰልስ መከፈል አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ እኛም ድርሻ አለን።

ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ለገሚሶቻችን ወደዚህ አገር የገባንበት በር ነው፤ ለገሚሶቻችን ደግሞ የእንጀራ ገመዳችን ነው። ስፋቱ ከማንሃተን ደሴት ይበልጣል፤ በዓመት ከ80 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል። በአምስቱ ተርሚናሎች ስትዘዋወሩ ዊልቸር የሚገፋ፣ ሻንጣ የሚያነሣ፣ ሸትል የሚነዳ፣ በፓርኪንግ ወይም በሱቅ የሚሠራ ወገናችሁን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ውጭ ደግሞ ታክሲውን ወይም ኡበሩን አቁሞ ተራ የሚጠብቅ አለ።

ስንት ናቸው? በተማሩበት ሙያ የሚሠሩት ስንቶቹ ናቸው? ኑሮ አልገፋ ብሏቸው ሁለት ሥራ የያዙት ስንት ይሆናሉ? ኢንሹራንስ የሌላቸውስ? በየወሩ ለቤተሰብ የሚልኩት ምን ያህል ነው? ሁላችንም ግምት አለን። ግምት ግን በጀት አያስመድብም፤ በምክር ቤት ፊትም ሲቀርብ ሚዛን አይደፋም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ቁጥሩ የሚቀዳበትን ምንጭ እንመልከት።

በአሜሪካ ስለ ሠራተኞች የሚነገረው ቁጥር በአብዛኛው ከሁለት ትልልቅ የቤተሰብ ጥናቶች ይመጣል። አንደኛው አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ (የማኅበረሰብ ጥናት) የሚባለው ነው። በ2005 በሙሉ ስፋቱ ተጀመረ፤ አሁን በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች ይላካል። ከእናንተ መካከል ፖስታው የደረሰው ይኖራል። በላዩ ላይ መልስ መስጠት በሕግ ግዴታ መሆኑ በጉልህ ተጽፏል፤ ይህን ያየ ሰው ደንግጦ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ፖስታውን ከፍቶ ቅጹን ላነበበው ግን ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፦ የት ተወለዱ? ወደ አሜሪካ የመጡት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይናገራሉ? ባለፈው ሳምንት ለክፍያ ሠርተዋል? የሥራ ቦታዎ አድራሻ የት ነው? ከቤት የሚወጡት በስንት ሰዓት ነው? በመኪና የሚሄዱ ከሆነ ስንት ሰው ሆናችሁ ነው?

የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ተራ ይመስላሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ግን በዳላስና በታራንት፣ በሁለት ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋ ነው። ጋርላንድ የምትኖርና የንጋት በረራ መንገደኞችን ለመቀበል በውድቅት ሌሊት የምትወጣ እህታችንን አስቡ። የምትተኛው በአንድ ካውንቲ ነው፤ የሥራ ቦታዋ ሌላው ካውንቲ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በምትወጣበት ሰዓት አውቶቡስ ማግኘት ይቸግራል። የትራንስፖርት ባለሥልጣናት መስመርና ሰዓት ሲያቅዱ የሚያዩት ከዚህ ጥናት የወጣውን ሠንጠረዥ ነው። ቅጹን ካልሞላች በሠንጠረዡ ውስጥ መንገዷም ሰዓቷም የሉም።

ሁለተኛው ከረንት ፖፑሌሽን ሰርቬይ የሚባለው ወርሃዊ ጥናት ነው። የሥራ አጥነት መጠን ይህን ያህል ሆነ ተብሎ በዜና የምትሰሙት ከዚህ የወጣውን ነው። የተጀመረው በ1940 ሲሆን ናሙናው ወደ 60,000 ቤተሰብ ነው። አንድ ቤተሰብ አራት ወር ይጠየቃል፣ ስምንት ወር ያርፋል፣ እንደገና አራት ወር ይጠየቃል። በውጭ አገር የተወለደውን ሠራተኛ በመደበኛ ጥያቄ መለየት የጀመረው ግን በጃንዋሪ 1994 ነው። ከዚያ በፊት በየወሩ የሚወጣው የሥራ አጥነት ዘገባ ስደተኛን ከተወላጅ አይለይም ነበር።

አሁንስ ያየናል? በ2020ው ቆጠራ ራሳቸውን ኢትዮጵያዊ ብለው የመዘገቡት፣ ከሌላ ማንነት ጋር ያጣመሩትን ጨምሮ፣ ከ300,000 በላይ ናቸው። ይህ ከአገሩ ሕዝብ በግምት ከሺህ አንድ ነው። በዚህ ሒሳብ ከ60,000ው ቤተሰብ ውስጥ የእኛ የሚሆነው 60 ገደማ ነው፤ እሱም ከሲያትል እስከ ዋሽንግተን ዲሲ የተበተነ ነው። ለዳላስ የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር ቤት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዲኤፍደብሊው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የሚታመን መቶኛ ማውጣት አይቻልም። ጥናቱ ሐሰት አልተናገረም፤ የተሠራው ትንሽ ማኅበረሰብን ለማየት አይደለም። ትንሽ ማኅበረሰብ እንዲታይ ተጨማሪ ናሙና በገንዘብ መገዛት አለበት።

የበጀት ክፍተት ምን እንደሚያስከትል አንድ ማስረጃ ላሳያችሁ። ይኸው ወርሃዊ ጥናት በኮንትራት፣ በጊዜያዊነትና በግል ውል የሚሠሩትን የሚጠይቅ ተጨማሪ ቅጽ አለው። በ1995፣ በ1997፣ በ1999፣ በ2001 እና በ2005 ተጠየቀ። ከዚያ ገንዘብ ጠፍቶ እስከ 2017 ድረስ 12 ዓመት ተቋረጠ። ኡበር የተመሠረተው በ2009 ነው። የታክሲ ሥራ መልኩን የለወጠው፣ ብዙ ወንድሞቻችን የመኪና ዕዳ ገብተው በስልክ መተግበሪያ መሥራት የጀመሩት፣ መንግሥት ጥያቄውን ባቋረጠበት በዚያ ዘመን ነው። በ2017 ሲመለስም በመተግበሪያ ስለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጁት ጥያቄዎች ግራ አጋቢ ሆነው በስሕተት “አዎን” ያለው ሰው በዛ፤ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው መልሶቹን አንድ በአንድ ማረም ግድ ሆነበት። የተስተካከለው ውጤት 1.6 ሚሊዮን ሠራተኛ፣ ማለትም ከሠራተኛው 1 በመቶ ነው። ቢሮው ጥያቄዎቹን እንዳሉ ዳግመኛ እንደማይጠቀምባቸው ገለጸ። ቅጹ እንደገና የወጣው በ2023 ነው። ጥያቄ በየጊዜው ካልተጠየቀ የጠያቂውም እጅ ይደነዝዛል።

ከነጭራሹ የማይጠየቅም አለ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በነርስነት የተመረቀች ሴት የማኅበረሰብ ጥናቱን ስትሞላ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዳላትና የትምህርት መስኳ ነርሲንግ መሆኑን ትጽፋለች። ዲግሪው የት አገር እንደተገኘ ግን ማንም አይጠይቃትም። ስለዚህ የውጭ ዲግሪ ይዘው የሙያ ፈቃድ ያላገኙትን በዚህ አገር ተምረው ሥራ ከለወጡት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ይህን ችግር ለቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ከየቤቱ የሰማውን ታሪክ እንጂ የሚጠቅሰው ቁጥር የለውም። ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብም በተመለከተ ወርሃዊው ጥናት በኦገስት 2008 በተጨማሪ ቅጽ ጠይቆ ነበር፤ መደበኛ ጥያቄ ግን አልሆነም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብና በመሰል መንገድ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ተጥሏል። ግብሩ መጣ፤ ከፋዩን በየጊዜው የሚጠይቅ ቅጽ ግን የለም።

መልካም ዜናም አለ። በማርች 2024 የዋይት ሃውስ የበጀትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዘርና ትውልድን የሚጠይቁበትን መመሪያ ሲያድስ፣ በዝርዝሩ ውስጥ “ኢትዮጵያዊ” የሚል ራሱን የቻለ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አስገባ። በ2020 ባዶ መስመር ላይ በእጃችን መጻፍ ነበረብን፤ ያልጻፈው ሰው ከጥቁር አሜሪካውያን ጠቅላላ ቁጥር ተለይቶ አልታየም። ይህ ሳጥን በየቅጹ ላይ ሲታተም የመመሪያ መታደስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በዓይናችን እናያለን።

አሁን ወደ ወጣንበት አገር እንሻገር።

ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረውና ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሆነው መሥሪያ ቤት አገር አቀፍ የሰው ኃይል ጥናት ያካሄደው በ1999፣ በ2005፣ በ2013 እና በ2021 ነው። ልዩነቱን ቁጠሩት፦ ስድስት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ እንደገና ስምንት ዓመት። በመጨረሻዎቹ ስምንት ዓመታት መካከል የሆነውን ደግሞ አስታውሱ። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን በጅምላ አባረረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ፤ ይህም መጀመሪያ ከተጠበቀው በእጅጉ የበለጠ ነበር። በዚያው ሰሞን መንግሥት ወደዚያ አካባቢ የሥራ ጉዞን አገደ። በ2016 የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። በ2018 እገዳው ተነሣ። አገር አቀፉ ጥናት የመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባዶ እጃቸውን የወረዱትን ለመቀበል ስንት አልጋ፣ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚናገር መዝገብ አልነበረም። ቁጥር ማጣት ማለት ይህ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት እነዚያ ልጆች ናቸው።

የ2021ዱ ጥናት ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የሰው ኃይልና ፍልሰትን ባንድ ላይ አጣምሮ ጠየቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ወደ 840,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ውጭ መሄዱን፣ ቀዳሚዋ መድረሻም ሳዑዲ ዓረቢያ መሆኗን አሳየ። ነገር ግን ሁለት ክፍተት አለው። አንደኛው ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት አልተካተተም። ሁለተኛው ክፍተት እናንተን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ጥናቱ የሄደውን ሰው የሚያውቀው ቤት የቀረውን በመጠየቅ ነው። መረጃ ሰብሳቢው በር አንኳክቶ “ከዚህ ቤት ባለፉት ዓመታት ወደ ውጭ የሄደ አለ?” ይላል። እናት ወይም ወንድም “ልጄ ቤሩት ናት፣ ወንድሜ ሪያድ ነው” ብለው ይመልሳሉ። የዲቪ ዕጣ ደርሷቸው ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ዳላስ የገቡትስ? ቤታቸው ውስጥ አሁን ሌላ ተከራይ አለ። ተከራዩ ስለነሱ ምን ያውቃል? ሙሉ ቤተሰብ ነቅሎ ሲሄድ መልስ የሚሰጥ ሰው አብሮ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ብቻዋን ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ በኢትዮጵያ መዝገብ ላይ ስትገኝ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ የገባው ይጎድላል። እሱን ማግኘት የሚችለው የአሜሪካው ጥናት ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ጥናት ደግሞ ዲግሪው ከየት እንደሆነ አይጠይቅም።

ናሙናው ራሱ የሚመዘዝበት መሠረትም አርጅቷል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው፤ አራተኛው ተደጋግሞ ሲራዘም በ2019 እንደገና ተላለፈ።

እንግዲህ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ይገጥማሉ? በገበያ አንዱ ነጋዴ በኪሎ፣ ሌላው በቁና ሲሰፍሩ ማን የበለጠ እንደሸጠ ማወቅ አይቻልም። የአሜሪካው ወርሃዊ ጥናት ሠራተኛ ብሎ የሚቆጥረው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የኢትዮጵያው ደግሞ እስከ 2013ቱ ጥናት ድረስ ከ10 ዓመት ጀምሮ ይጠይቅ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት ስታቲስቲክስ ጉባኤ በ2013 ትርጉሙን ሲለውጥ በዋነኛነት ለራሱ ፍጆታ የሚያርሰውን ገበሬ ከ“ተቀጣሪና ለገቢ የሚሠራ” መደብ አውጥቶ ለብቻው እንዲመዘገብ አደረገ። ይህ ለአሜሪካ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ለጎጃምና ለወሎ ግን ስሌቱን ሁሉ ይቀይራል።

ለድንበር ተሻጋሪው ሠራተኛ የጋራ መስፈሪያ የተቀመጠው በ2018 ነው። ያው ጉባኤ በጄኔቫ ተሰብስቦ ሦስት ዓይነት ሰዎች ተለይተው እንዲቆጠሩ መመሪያ አጸደቀ፦ በሌላ አገር የሚሠራ ወይም ሥራ የሚፈልግ ስደተኛ፣ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ሌላ አገር የገባ፣ በውጭ ሠርቶ ወደ አገሩ የተመለሰ። መስፈሪያው አለ ማለት ነው። ግን መመሪያ ነው፤ አገሮች ወደ ሕጋቸው ካላስገቡት አያስገድድም።

ሌሎች ምን አደረጉ? ብሪታንያ ከ1961 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያና በወደብ መንገደኛ እያስቆመች ትጠይቅ ነበር፤ በዚያም የስደተኛን ቁጥር ትገምት ነበር። ጠያቂዎቹ ያተኮሩት ግን በሂትሮውና በመሳሰሉት ትልልቅ ማረፊያዎች ላይ ነበር። ከ2004 በኋላ የምሥራቅ አውሮፓ ሠራተኞች በርካሽ በረራ በትንንሾቹ ማረፊያዎች ሲጎርፉ ጥናቱ ሳያያቸው ቀረ። በ2014 የስታቲስቲክስ ቢሮው ከ2001 እስከ 2011 ድረስ የተጣራውን ፍልሰት በ346,000 ሰው አሳንሶ እንደገመተ አስታወቀ። ሰው የሚገባበት በር ሲለወጥ ጥናቱም አብሮ መለወጥ እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ሜክሲኮ ከ1993 ጀምሮ በሰሜን ድንበሯ ተጓዥ ሠራተኞችን በመተላለፊያ ከተሞች እያገኘች ትጠይቃለች፤ በዚህም የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ታያለች። ፊሊፒንስ በውጭ የሚሠሩ ዜጎቿን ጥናት ከመደበኛው የሰው ኃይል ጥናት ጋር አያይዛ በየዓመቱ ታካሂዳለች፤ የአገሯ ሰው በውጭ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚልክ ለማወቅ ስምንት ዓመት አትጠብቅም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኦክቶበር 2019 ደንብ ቁጥር 2019/1700ን አወጣ። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አባል አገሮች የሰው ኃይል ጥናታቸውን በአንድ ትርጉም፣ በተወሰነ የጥራት ደረጃና በተወሰነ ጊዜ ያካሂዳሉ፤ ኅብረቱም በገንዘብ ይደግፋል። ትርጉም፣ የጊዜ ሰሌዳና ገንዘብ በአንድ ሕግ ውስጥ ተሳስረዋል። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው።

ሁለት አስተዳደሮች በአንድ ጉዳይ ላይ ተስማምተው ወጪ መጋራት አይችሉም የሚል ካለ፣ መልሱ እዚሁ ደጃችን አለ። ዳላስና ፎርት ዎርዝ ለአሥርተ ዓመታት በአውሮፕላን ማረፊያ ምክንያት የተቃቃሩ ከተሞች ነበሩ። በ1964 የፌዴራል ሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ የጋራ ማረፊያ የሚሆን ቦታ በ180 ቀን ውስጥ ምረጡ አላቸው። በ1968 ውል ፈረሙ። በውሉ ዳላስ ከአሥራ አንድ ሰባት፣ ፎርት ዎርዝ ከአሥራ አንድ አራት እጅ ድርሻ ያዙ፤ በቦርዱም ሰባትና አራት ድምፅ ያላቸው አባላት ይሰየማሉ። ዲኤፍደብሊው በ1974 ሥራ ጀመረ። ከንቲባዎች ተለዋወጡ፣ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ሄደ፣ ውሉ ግን ቆመ። የቆመው ድርሻው በቁጥር ስለተጻፈ ነው። የስታቲስቲክስ ትብብርም በየጉብኝቱ በሚፈረም የመግባቢያ ሰነድ ሳይሆን እንዲህ ባለ ውል መታሰር አለበት።

በጀት ሲናጋ የሚሆነውን ሀብታሟ አሜሪካም አይታዋለች። በሜይ 2012 የተወካዮች ምክር ቤት የማኅበረሰብ ጥናቱን ገንዘብ ለመከልከል በድምፅ ወስኖ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ እንጂ ከዚህ ጥናት የሚወጣው የእኛ ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። በኦክቶበር 2025 የፌዴራል መንግሥት ሲዘጋ ደግሞ የዚያ ወር የቤተሰብ ጥናት ሳይካሄድ ቀረ፤ የኦክቶበር የሥራ አጥነት መጠንም አልወጣም። ያለፈ ወር ተመልሶ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ስምንት ዓመት የሚፈጀው ክፍተት የዚሁ ችግር ትልቁ መልክ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሣ። “ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ለመንግሥት ልስጥ? ደግሞ ለሁለት መንግሥት?” ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ አቃልዬ አላልፈውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ ለትውልደ ጃፓናውያን መታሰር የሚያግዝ መረጃ አሳልፎ ሰጥቷል፤ የቢሮው ዳይሬክተር በ2000 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ያኔ ምሥጢር የሚጠብቀው ድንጋጌ በጦርነት ሕግ ላልቶ ነበር። በአገራችንም የ2007ቱ ቆጠራ የአማራ ክልልን ሕዝብ ከተጠበቀው በሚሊዮኖች አሳንሶ በማውጣቱ በፓርላማ ሳይቀር አከራክሯል፤ ያ ቅሬታ ዛሬም ድረስ በቁጥር ላይ ያለንን እምነት ይፈታተናል።

ለዚህ መፍትሔው ሕጉን ማጥበቅ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የቆጠራ ሕግ፣ ታይትል 13 በሚባለው፣ የአንድን ሰው መልስ የገለጠ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 ያጸደቃቸው የስታቲስቲክስ መርሆዎችም የግለሰብ መረጃ ፍጹም ምሥጢር እንዲሆንና ለስታቲስቲክስ ብቻ እንዲውል ይደነግጋሉ። እንግዲህ በሁለት አገሮች መካከል መሻገር ያለበት ሠንጠረዥ ነው፤ ስም አይደለም። ቁጥር እንጂ አድራሻ አይሻገርም። ይህ በውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ፣ የቅጣት ድንጋጌ ታክሎበት፣ በጉልህ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ እኔም መልስ ስጡ ብዬ አልመክራችሁም።

ምን ይደረግ? አራት ነገር አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የሰው ኃይልና ፍልሰት ጥናት የሚካሄድበት ድግግሞሽ በሕግ ይወሰን። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 442 የወጣው በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ ትርጉም ሁለት ጊዜ ተለውጧል፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወጥቷል። ጥናቱ ቢበዛ በየሦስት ዓመቱ እንዲካሄድ፣ ወጪውም በፌዴራል በጀት ውስጥ የራሱ መደብ እንዲኖረው በአዋጅ ይደንገግ። ለጋሽ ቢረዳ መልካም ነው፤ ለጋሽ ሲቀር ግን ጥናቱ መቅረት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች የ2018ቱን መስፈሪያ መሠረት አድርገው ሠንጠረዥ የሚለዋወጡበት ስምምነት ይኑራቸው። ሙሉ ቤተሰቡን ይዞ የወጣውን ሰው ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ሠንጠረዥ ታግኝ፤ ሠርቶ የተመለሰውን ደግሞ አሜሪካ ከኢትዮጵያው ትመልከት።

ሦስተኛ፣ በአሜሪካ የጎደሉትን ሁለት ጥያቄዎች እናስጨምር፤ ዲግሪው የት እንደተገኘና ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚላክ። ይህ ሕልም አይደለም። በዚህ አገር የፌዴራል መሥሪያ ቤት የጥናት ቅጹን ሲለውጥ መጀመሪያ ለ60 ቀን፣ ከዚያም ለ30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ማድረግ አለበት። አስተያየት መስጠት ዜጋ መሆንን አይጠይቅም። ከዳላስ የሚላክ አንድ በደንብ የተጻፈ ደብዳቤ በመዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ መሥሪያ ቤቱም ሊያየው ይገደዳል። ነርሶቻችን፣ መሐንዲሶቻችን፣ መምህሮቻችን የደረሰባቸውን ይጻፉ። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና መረዳጃ ማኅበራት ፊርማ ያሰባስቡ።

አራተኛው የእያንዳንዳችን ነው። ፖስታው ሲመጣ ክፈቱት። በ2020ው ቆጠራ የመሙያ መመሪያ በ59 ቋንቋዎች ተዘጋጅቶ ነበር፤ አማርኛም አንዱ ነበር። ቅጹ ራሱ ግን በአማርኛ አልነበረም፤ ለ2030 ይህን መጠየቅ እንችላለን። እስከዚያው እንግሊዝኛ የቸገራቸውን እናቶችና አባቶች ቁጭ ብሎ የሚያስሞላ ወጣት በየደብሩና በየመስጊዱ ይመደብ። አያት ልጅ ስትጠብቅ ሌላው ሥራ ይሄዳል፤ ይህ በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በትክክል ካልተጻፈ አይታወቅም። “ኢትዮጵያዊ” የሚለው ሳጥን ሲመጣ ደግሞ ሳታመነቱ ምልክት አድርጉበት።

ወገኖቼ፣ በሪያድና በቤሩት ያለች እህታችን ለቅጽ መልስ ብትሰጥ የሚጠብቃት ሕግ ጥቂት ነው። እኛ ጥያቄው የሚላክልን፣ አስተያየታችን የሚመዘገብልን፣ ምሥጢራችንን የገለጠ ሰው በፍርድ ቤት የሚጠየቅልን ሰዎች ነን። ይህን መብት ካልተጠቀምንበት የሚጎዳው ከእኛ ይልቅ እሷን ነው፤ ሁለት መንግሥታት ሊስማሙና ሊያገጣጥሙ እንደሚችሉ ማሳየት የሚጀመረው ቁጥሩ የተሻለ ካለበት ቦታ ነውና። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች በመካከላችሁ አላችሁና ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ደብዳቤውን የሚያረቅ ኮሚቴ እንድትመርጡ እለምናለሁ። እኔም በማርቀቁ ሥራ አብሬያችሁ ነኝ።